ጀርባው ላይ «1957» የሚል ፎቶግራፍ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። በክብር ዘበኛ ያገለገሉት አባቴ ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ዕቃቸውን ሳስተካክል አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲሮጥ የሚያሳይ ፎቶግራፍና የዚያው ኦሊምፒክ የፕሮግራም መጽሔት አገኘሁ። አበበ ደረቱ ላይ 17 ቁጥር ለጥፏል። ከፎቶግራፉ ጀርባ ለአባቴ የተጻፈ ሁለት መስመር ማስታወሻ፣ ፊርማና ‹ኅዳር 1957› የሚል ቀን አለ። የስፖርት መታሰቢያ ዕቃዎችን ለሚያጫርቱ ሁለት ድርጅቶች የፊቱንም የጀርባውንም ምስል በኢሜይል ላክሁ። አንደኛው በማግሥቱ ደወለልኝ። እስከ 40,000 ዶላር ሊያወጣ እንደሚችል፣ ዋናውን በሳምንት ውስጥ ከላክሁለት 2,000 ዶላር ቅድሚያ እንደሚሰጠኝ፣ የትክክለኛነት ማረጋገጫውንም ራሱ እንደሚያወጣ ነገረኝ። ሁለተኛው ከአሥር ቀን በኋላ በኢሜይል መለሰ። ስለ ዋጋ ምንም አላለም። ‹ውድድሩ የተካሄደው በ1964 ሆኖ ሳለ 1957 ተብሎ ለምን ተጻፈ? አባትህስ አትሌቱን ከየት ያውቁታል?› ይላል። የአባቴን ስም እንደ መድፈር ቆጠርሁትና አልመለስሁለትም። ፎቶግራፉን ለመጀመሪያው ልልክ ስል እህቴ እርስዎን ሳልጠይቅ እንዳላደርገው አስማለችኝ። ምን ይመክሩኛል?
የአባቱ ልጅ»

ወንድሜ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። እህትህንም አመስግንልኝ፤ ፖስታ ቤት ደጃፍ ላይ ደርሳብሃለች።

የተቆጣኸው በማይገባው ሰው ላይ ነው። እስቲ ያን ፎቶግራፍ ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ሰምቶ በማያውቅ ሰው ዓይን ተመልከተው። ከፊቱ 17 ቁጥር ለጥፎ፣ ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ የሚሮጥ ሰው አለ። ይህ የቶኪዮው አበበ ነው፤ የሮሙ አበበ የሮጠው 11 ቁጥር ለጥፎ በባዶ እግሩ ነው። (ስለዚህ አንድ ቀን «አበበ ሮም ላይ ማራቶን የሮጠበትን ጫማ» የሚሸጥልህ ሰው ቢመጣ ሻይ ጋብዘህ ሸኘው።) የቶኪዮው ማራቶን የተሮጠው በፈረንጆች አቆጣጠር ኦክቶበር 21 ቀን 1964 ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ፎቶግራፉን ገልብጦ «1957» የሚል ሲያነብ ምን ይበል? ከውድድሩ ሰባት ዓመት በፊት የተፈረመ የውድድሩ ፎቶግራፍ! ለእኛ እንቆቅልሽ አይደለም። አበበ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ሲገባ በእኛ ቀን ጥቅምት 11 ቀን 1957 ነበር፤ በወሩ ኅዳር ላይ ለክብር ዘበኛ ባልደረባው ፎቶግራፍ ቢፈርም ምን ይገርማል? ለፈረንጁ ግን ያ ቁጥር አንድ አስመሳይ የተሳሳተበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠየቀ። የመጀመሪያው ቤት ያው ምስል ደርሶት አልጠየቀም። ወይ ጀርባውን አላየውም፣ ወይም አይቶ ጉዳዬ አላለውም። አንዱም ለአንተ አይበጅህም።

እኔ አጫራች ቤትን የምለካው እምቢ በሚልበት ቦታ ነው። ምክንያቱም ሥራው ራሱ እሺ ለማለት የተመቸ ነው። አጫራች ከሻጭም ከገዢም ይበላል። ዕቃህ በ10,000 ዶላር ተዘጋ እንበል። ከገዢው ላይ 20 በመቶ ቢጨመር 12,000 ይከፍላል፤ ከአንተ ድርሻ 10 በመቶ ቢቆረጥ 9,000 ይደርስሃል፤ መካከል ላይ የቀረው 3,000 የቤቱ ነው። ዕቃው እውነተኛም ይሁን የተቀነባበረ ኮሚሽኑ አይለወጥም። እንግዲህ የተጠራጠረውን ዕቃ ለባለቤቱ የሚመልስ፣ ጨረታው ሊከፈት ሲል ጥያቄ የተነሣበትን ከዝርዝሩ የሚያወጣ፣ ከሽያጭ በኋላ ስሕተት ሲገኝ የገዢውን ገንዘብ የሚመልስ ቤት እምቢ ያለው ከገዛ ኪሱ ነው። የአንተ የመጀመሪያው ደዋይ በአንድ ስልክ ጥሪ ስንት ጊዜ እሺ እንዳለህ ቁጠርልኝ። ዋጋውን እሺ፣ ቅድሚያ ክፍያውን እሺ፣ ማረጋገጫውን እሺ።

እምቢ የማይል ቤት መጨረሻው ምን እንደሚሆን በአሜሪካ ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በኢሊኖይ የነበረው ማስትሮ ኦክሽንስ በዘመኑ በዚህ ንግድ ከአገሪቱ ግንባር ቀደሞች አንዱ ነበር። ካታሎጉ እንደ መጽሐፍ የሚሰበሰብ፣ ስሙ ሲጠራ ሰው የሚተማመንበት ቤት ነበር። ባለቤቱ ቢል ማስትሮ ገና ነጋዴ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1985 የቤዝቦል ተጫዋቹን የሆኑስ ዋግነርን ካርድ በ25,000 ዶላር ገዛ። ከ1909 እስከ 1911 ባሉት ዓመታት በሲጋራ ፓኬት ውስጥ ይገባ ከነበረው ዓይነት ሲሆን፣ ከዋግነር ካርዶች የተረፉት ጥቂት ናቸው። እንዲህ ያለ ካርድ ሲያረጅ ጠርዙ ይደክማል፤ በመቁረጫ ስስ አድርገው ከላጩት ግን እንደ አዲስ ይሾላል፤ ዋጋውም አብሮ ይሾላል። ካርዱ እጅ እየለወጠ ሄዶ በ1991 የበረዶ ሆኪ ኮከቡ ዌይን ግሬትዝኪና አንድ ሸሪኩ በሶዝቢስ ጨረታ በ451,000 ዶላር ገዙት። ፒኤስኤ የተባለው የካርድ ደረጃ ሰጪ ኩባንያም ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያውን የምስክር ቁጥር የሰጠው ለዚህ ካርድ ነው፤ ከ10 ደግሞ 8 ሰጠው። በ2007 ዋጋው 2.8 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ማስትሮ በ2013 ችሎት ፊት ቆሞ ጥፋቱን ሲያምን የካርዱን ጠርዝ የቆረጠው ራሱ መሆኑንም አመነ።

ሰው ስለ ካርዱ ብዙ ያወራል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የተከሰሰበት ሌላው ነገር ነው። ቤቱ በውሸት ተጫራች ዋጋ ያንር ነበር። ገዢዎች ከሌላ ሰው ጋር የሚፎካከሩ መስሏቸው ከራሱ ከቤቱ ጋር ይፎካከሩ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1869 የሲንሲናቲ የቤዝቦል ቡድን የተገኘ ነው የተባለ የድል መታሰቢያ ኳስም የኳሱ ምርመራ ጥርጣሬ ካሳደረ በኋላ ተሽጧል። ማስትሮ በ2015 የ20 ወር እስራት ተፈረደበት፤ የድርጅቱ ፕሬዚዳንት የነበረውም ከእሱ የበለጠ ተፈረደበት። ያን ኳስ «አይሸጥም» የሚል አንድ ሰው በቤቱ ውስጥ ጠፋ።

«ሻጭ ነኝ፤ ዋጋ ቢንርልኝ ምን ይጎዳኛል?» ትል ይሆናል። ይጎዳሃል። የውሸቱ ተጫራች አንዳንድ ጊዜ ሳያስበው ያሸንፋል። ያን ጊዜ የሚከፍል የለም፤ ፎቶግራፍህ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና በዝርዝር ይወጣል፤ ሰብሳቢዎቹ ደግሞ ዓይናቸው አይረሳም። «ይህ ባለፈው 15,000 ሲባል የነበረው አይደለም? ለምን ተመለሰ?» ይላሉ። የተጠረጠረ ዕቃ ዋጋው ይወድቃል። ይህንኑ ግን ለመመርመሪያ ልትጠቀምበት ትችላለህ። የሁለቱንም ቤቶች ያለፉ ሽያጮች ተቀምጠህ ተመልከት፤ አንድ ምሽት ይበቃሃል። ያው ኳስ፣ ያው ጭረት፣ ያው የታጠፈ ጥግ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ «ተሸጠ» ተብሎ ካገኘኸው ያ ቤት ውስጥ ያሸነፉት ሰዎች ገንዘብ አልከፈሉም፤ ወይም ሰዎች አልነበሩም።

ቀጥሎ የጨረታውን ደንብ አንብብ፤ ያን ማንም የማያነበውን ረጅሙን ጽሑፍ ማለቴ ነው። የቤቱ ባለቤቶችና ሠራተኞች መጫረት ይፈቀድላቸዋል? ቤቱ የራሱን ንብረት ከደንበኞች ዕቃ ጋር ቀላቅሎ ያጫርታል? ካጫረተስ የራሱ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ያደርግበታል? ደንቡ በግልጽ «አይፈቀድም» ካላለ ወይም ጨርሶ ዝም ካለ ስልክ አንሥተህ ጠይቅ። ገዢ አስቀድሞ «እስከዚህ ድረስ ጨምርልኝ» ብሎ ጣሪያውን ለቤቱ ይነግራል፤ ያን ጣሪያ የሚያይ ቤት ራሱ መጫረት ከቻለ ካርታህን ገልጠህ እንደ መጫወት ነው።

አሁን ወደ ማረጋገጫው ወረቀት። «ራሱ ያወጣልኛል» ያልኸው ነገር አንተን አስደስቶሃል፤ እኔን አስደንግጦኛል። የሚሸጥ ሰው «እውነተኛ ነው» ብሎ ራሱ ቢመሰክር ምስክርነቱ ምን ይጨምራል? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የሳን ዲዬጎ ኤፍቢአይ «ኦፐሬሽን ቡልፔን» በተባለው ምርመራ የሐሰት ፊርማ አምራቾችን ሲይዝ ማዘር ትሬዛ የፈረሙበት ነው የተባለ የቤዝቦል ኳስ ሳይቀር ተገኝቷል። ማዘር ትሬዛ፣ ኳስ ላይ! የዚያ ወንጀል ሰንሰለት ማረጋገጫ ወረቀትም አብሮ ያመርት ነበር፤ ኳሱን ማስመሰል ከቻልህ ወረቀቱን ማተም ምን ያቅትሃል?

እኔም ብሆን ከዚህ አልዳንሁም። ከብዙ ዓመት በፊት የአንድ ታዋቂ ሯጭ ነው የተባለ ካናቴራ በጨረታ ገዛሁ። ስሙን ከማልጠራው ቤት ነው። የሚያብረቀርቅ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተያይዞለት ነበር። ቆይቶ ስፌቱ አጠራጠረኝና ስደውል ቤቱ «እኛ አጫረትን እንጂ አላረጋገጥንም፤ ወረቀቱን የሰጠውን ጠይቅ» አለኝ። የወረቀቱ ስልክ አይሠራም። ደንቡን ያን ጊዜ አውጥቼ ሳነበው «የአረጋጋጩ አስተያየት የመጨረሻ ነው፤ ገንዘብ አይመለስም» ይላል። ካናቴራው አሁንም ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል፤ ባለቤቴ ወለል መወልወያ እናድርገው ስትል አሥር ዓመት አለፋት። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ወረቀት አለው ወይ?» የሚል አይደለም። ነገ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ገንዘቡን የሚመልሰው ማን ነው? እስከ ስንት ጊዜ? ሐሰት መሆኑንስ የሚወስነው ማን ነው?

በአሜሪካ ስማቸው የገነነ ገለልተኛ አረጋጋጮች አሉ፤ ፒኤስኤ፣ ጄኤስኤና ቤኬት ተጠቃሾች ናቸው። የቤዝቦሉን ኮከብ የቤብ ሩትን ፊርማ ስፍር ቁጥር በሌለው ናሙና አነጻጽረው ያውቁታል። ለአንተ ፎቶግራፍ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ አጫራቹንም ጠይቅልኝ። በአማርኛ የተጻፈ የአበበ ቢቂላ የእጅ ጽሑፍ ስንት ናሙና አይታችኋል? ፊርማ የሚረጋገጠው በንጽጽር ነው። የፊደሉን አጣጣል የማያውቅ ሰው ‹ቢ›ን ከ‹ቂ› ካልለየ አስተያየቱ የተራ ሰው አስተያየት እንጂ የባለሙያ አይሆንም። ሐቀኛ ቤት «ናሙና የለንም፤ አማርኛ የሚያነብ ሰው መፈለግ አለብን» ይልሃል። ይህም አንዱ የእምቢታ ዓይነት ነው፤ ደስ ይበልህ። ከዚያ ቀለሙ ይታያል። ጄል ቀለም ያለው ብዕር ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ አበበ ያረፈው በ1973። በጄል የተጻፈ «የአበበ ፊርማ» ቢያጋጥምህ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። የአባትህን ማስታወሻ ግን በምን እንደተጻፈ ለማወቅ ብለህ በእርጥብ ጣት እንዳትነካው፤ የደበዘዘውንም መስመር ብዕር አንሥተህ እንዳታደምቀው። ይህን ያደረገ ወዳጅ አለኝ። የሞተ አያቱን ፊርማ «አደመቀው»፤ ሰነዱ በዚያው ቀን ሞተ።

ጠንካራ ቤት በጥያቄ ሲወጠር ምን እንደሚያደርግ የማራዶና ማልያ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1986 የዓለም ዋንጫ «የእግዜር እጅ» የተባለው ጎል የተቆጠረበትን ማልያ እንግሊዛዊው ስቲቭ ሆጅ ከጨዋታው በኋላ ተለዋውጦ ወሰደው፤ ለብዙ ዓመታትም ማንችስተር የሚገኘው የእግር ኳስ ሙዚየም በውሰት ይዞት ኖረ። ሶዝቢስ በ2022 ሊያጫርተው ሲል የማራዶና ልጅ «ይህ የመጀመሪያው አጋማሽ ማልያ ነው፤ ጎሎቹ የተቆጠሩት በሁለተኛው ነው» ብላ ተቃወመች። ቤቱ በወቅቱ የተነሡ ፎቶግራፎችን ከማልያው ጋር፣ ከአርማውና ከቁጥሩ ዝርዝር ጋር በገለልተኛ ባለሙያ አስነጻጽሮ መልሱን በአደባባይ ሰጠ። ማልያው 7.1 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣ። እዚህ ላይ ልብ በል፤ ዋጋውን የተሸከመው ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚሉት ነው። ማን ለበሰው፣ ማን ተቀበለው፣ የት ተቀመጠ፣ እስከ ጨረታው ቀን ድረስ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፈ። ሁለተኛው ቤት «አባትህ አትሌቱን ከየት ያውቁታል?» ያለህ ይህንኑ ሲፈልግ ነው። መልሱ ደግሞ በእጅህ ነው፤ ሁለቱም ክብር ዘበኞች ነበሩ! አንተ ስድብ መስሎህ ትልቁን ማስረጃህን ደበቅህ።

ስለ 40,000 ዶላሩ ብዙ አልልም፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ዋናውን በእጁ ያልያዘ፣ ጀርባውን ያላነበበ ሰው የሰጠው ግምት ዕቃህን ማምጫ ገመድ እንጂ ዋጋ አይደለም። 2,000 ዶላሩ ግን ውል አለው፤ ውሉንም ሳታይ ነው የጓጓኸው። ቅድሚያ ክፍያ ብድር ነው። ፎቶግራፉ ካልተሸጠ ይመለሳል፤ ወለድም ሊኖረው ይችላል፤ እስክትመልስ ድረስ ፎቶግራፉ መያዣ ሆኖ እነሱ ዘንድ ይቆያል። ሐሳብህን ብትቀይርና ልውሰደው ብትል የማውጫ ክፍያ የሚጠይቁም አሉ። የሳምንት ገደቡም ይኸው እንዳታነብ ነው። ስልሳ ዓመት የቆየ ፎቶግራፍ በስምንት ቀን ውስጥ አይበላሽም።

ጥቂት የቢሮ ሥራ ደግሞ አለብህ። ቨርጂኒያና ቴክሳስ አጫራችን ፈቃድ ከሚጠይቁት ግዛቶች መካከል ናቸው፤ ቤቶቹ ያሉበት ግዛት የሚጠይቅ ከሆነ ፈቃዳቸው የጸና መሆኑን አጣራ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች መዝገብ «ፔሰር» በሚባለው ስልት ይፈለጋል፤ በገጽ 10 ሳንቲም ነው፤ በሩብ ዓመት ከ30 ዶላር ካልበለጠ አያስከፍልህም። የድርጅቱን ስም ብቻ ሳይሆን የባለቤቶቹንም ስም ፈልግ፤ ስም የቀየረ ቤት ሰው አይቀይርም። ክስ መኖሩ ብቻውን አያስፈርድም፤ ያረጀ ንግድ አንድ ሁለት ክስ አያጣውም። ሻጮች «ገንዘባችንን አልከፈለንም» ብለው ተደጋግመው የከሰሱት ቤት ግን የሻጮችን ገንዘብ ለኪራይና ለደመወዝ የሚያውል ቤት ነው፤ ከዚያ ሽሽ። ውሉ ላይም የሽያጩ ገንዘብ በተለየ ሒሳብ መቀመጡንና በስንት ቀን እንደሚከፈልህ በቁጥር ተጽፎ እይ። «በተቻለ ፍጥነት» ቁጥር አይደለም።

ሁለተኛውንም ቤት ቅዱስ ነው አላልሁህም። ስሙን አላውቀውም፤ አንድ ጥሩ ጥያቄ መጠየቁን ብቻ አውቃለሁ። ስለዚህ ዛሬ ማታ መልስ ጻፍለት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኅዳር 1957 ማለት ኖቬምበርና ዲሴምበር 1964 መሆኑን አስረዳ። የአባትህን የአገልግሎት መታወቂያ፣ የማዕረግ ደብዳቤ፣ የደንብ ልብስ ለብሰው የተነሡትን ፎቶግራፍ ቅጂ አያይዝ። አብረዋቸው ያገለገሉ በሕይወት ያሉ አዛውንት ካሉ ደውልላቸውና የሚያስታውሱትን በድምፅ ቅዳ፤ ይህ ነገ የሚደረግ አይደለም። ከዚያም ከላይ የዘረዘርሁልህን ጥያቄዎች በኢሜይል አቅርብለትና መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። በስልክ የተነገረ ተስፋ በውል ላይ አይገኝም።

መልሱ ካጠገበህ በመጀመሪያ መጽሔቱን ብቻ ላክ። የቶኪዮ ፕሮግራም መጽሔት እንደ ፎቶግራፉ ብቸኛ አይደለም፤ ቢጠፋ ታዝናለህ እንጂ አትሞትም። እንዴት እንደገለጹት፣ በስንት እንደሸጡት፣ ቼኩ በተባለው ቀን መድረሱን ታያለህ። ፎቶግራፉ እስከዚያ ቤትህ ይቀመጥ። የሚላክበት ቀን ሲመጣ በሁለቱም በኩል ስካን አድርገህ፣ በተመዘገበ ፖስታ ላከው፤ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ለዚህ ዓይነት መልእክት እስከ 50,000 ዶላር የመድን ዋስትና ይሰጣል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የትኛውም አጫራች የሚሰጥህ ውል ላይ «የዕቃው ብቸኛ ባለቤት ነኝ፤ ሌላ ባለ መብት የለበትም» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ፤ ከሥሩ ትፈርማለህ። የአባትህ ንብረት በሕግ ተጣርቶ ፎቶግራፉ የአንተ ድርሻ ሆኗል? ደብዳቤህ ውስጥ «አገኘሁ» እንጂ «ደረሰኝ» አላልህም። እህትህ ያስማለችህ ስለ አጫራቾቹ ብቻ ላይሆን ይችላል። ለማንም ከመጻፍህ በፊት ፎቶግራፉን ይዘህ ሂድና መሸጡን ትፈልግ እንደሆነ ጠይቃት።